መጀመሪያ አብሳይ ይብላ

ባለቤቴ በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ሞኝ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀንም በአፉ አላለኝም፤ ግን እስኪያስለው ድረስ ሳቀና፣ «የሰው ወጥ ቤት ለማየት ልትከፍይ ነው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን የተጋባንበትን ሠላሳኛ ዓመት አስባ የክሩዝ ትኬት ገዛችልን። ከፖርት ሜልቦርን ተነስቶ ታዝማኒያ ደርሶ የሚመለስ ትልቅ መርከብ ነው። እኛ ዋይንድሃም ቬል ቤት ከገዛን ወዲህ ዕረፍት ማለት የጓሮውን ሣር ማጨድ ነበር። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ እኔ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ፤ የሁለታችን ዴይ ኦፍ አንድ ቀን ላይ ሲገጥም እንደ በዓል ነው የምንቆጥረው። መርከቡ ላይ በዋልንበት በመጀመሪያው ጠዋት እሱ ከመዋኛው አጠገብ ጥሩ ወንበር ይዞ ተዘረጋ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ፣ በቃ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከፎቅ ወደ ፎቅ ስዞር፣ የመዝናኛ ፕሮግራሙ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ እንግዳ የማይገባበትን የመርከቡን ክፍል የሚያስጎበኝ ቱር እንዳለ አነበብኩ። ልብስ ማጠቢያው፣ ወጥ ቤቱ፣ መርከቡ የሚነዳበት ክፍል። ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም።

«እቤት ስንመለስ የኛን ወጥ ቤት በነፃ አሳይሻለሁ» አለኝ ባለቤቴ፣ ኮፍያውን ሳያነሳ።

ለልጄ መልእክት ላኩላት። «ማሚ፣ ኢትስ ዩር ሆሊዴይ!» ብላ መለሰች፤ ዕረፍትሽ ነው፣ እንዳሻሽ ማለቷ ነው። እኔም እንደ ፈቃድ ቆጠርኩትና ቡክ አደረግሁ።

እሱ ያልገባው፣ ወይም ገብቶት የረሳው፣ እኔ ስለ ወጥ ቤት የማስብበት ምክንያት ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ላቨርተን ኖርዝ ውስጥ፣ በመጋዘኖች መካከል ያለ መጋዘን ነው። በአንድ በኩል ጎማ የሚያከፋፍሉ፣ በሌላ በኩል ፍሪጅ የሚያከፋፍሉ ጎረቤቶች አሉን። በዓመት አንዴ ኮንፈረንስ ሲሆን ከአደሌድም ከሲድኒም እንግዳ ይመጣል፤ ከሦስት መቶ በላይ ሰው ይመገባል። የሚያበስለው የመስተንግዶ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱ ደግሞ እኛ ጥቂት ሴቶች ነን። ሁልጊዜ ከጎህ ጀምሮ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ድስት ስናማስል እንውላለን። ዝማሬውን የምንሰማው በግድግዳው በኩል ነው፤ ከበሮው ይደርሰናል፣ ቃሉ ግን አይደርሰንም። ስብከቱን ከሰኞ በኋላ በስልክ እናዳምጠዋለን፤ ያውም ጊዜ ከተገኘ።

ያለፈው ኮንፈረንስ ደግሞ ለየት ያለ ነበር። ሰልፉ ከአዳራሹ ወጥቶ መኪና ማቆሚያው ደረሰ። ምግብ ያነሳው ሰው ውሃ ፈልጎ ወደ ኋላ ሲመለስ ገና ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። የአንዲት እንግዳ ነጭ ቀሚስ ላይ ቀይ ወጥ ፈሰሰ። የከሰዓቱ ፕሮግራም ዘገየ፣ ሽማግሌዎች ቆመው ደከሙ። እኛ ሴቶች በመጨረሻ ድስቱ ሥር የቀረውን በቆመንበት እየጠረግን ጎረስን። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ምስጋናም ቀርቦልናል። እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ «እንዲህ መሆን አለበት እንዴ?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። መርከቡ ላይ ያን ማስታወቂያ ሳይ የነካኝ እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ፣ ያውም በሚወዛወዝ ባሕር ላይ፣ ስንት ሺህ ሰው ያበላሉ። እንዴት?

በቱሩ ቀን ስልካችንን ሰበሰቡ፤ ጫማችን የተሸፈነ መሆኑን አዩ። ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ፀጉራቸው የነጣ አውስትራሊያውያን። አስጎብኚያችን ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ነበረች። «ለሠራተኞች ብቻ» የሚለውን በር ስትከፍተው ምንጣፉ ደፉ ላይ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ብረት ወለል ነው። ሙዚቃውም አብሮ ቀረ። ከመርከቡ አፍንጫ እስከ ጭራው የተዘረጋ አንድ ረጅም ኮሪደር ላይ ሰው እንደ መርካቶ ይተላለፋል፤ ግን ማንም ማንንም አይገፋም። የሚሄደው በቀኝ፣ የሚመጣው በግራ።

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንሶላ የሚያጥፍ ማሽን አየሁ፤ አረጋውያን መኖሪያው ውስጥ በእጄ ያጠፍኩት አንሶላ ሁሉ ትዝ አለኝና ማሽኑን በእጄ ዳሰስኩት። መርከቡን የሚነዱበት ክፍልም ደረስን። መሪው እንደ ልጆች መጫወቻ መኪና መሪ ትንሽ ነው። ሌሎቹ ጎብኚዎች ከሁሉ የበለጠው እሱ ነው አሉ። የእኔ ልብ ግን ወጥ ቤቱ ጋ ቀድሞ ደርሷል።

ወጥ ቤቱን ያስጎበኘን አለቃው ራሱ ነው፤ ከህንድ የመጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ክንዱ ላይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ሰው። አስተናጋጆቹ በአንዱ በር ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ። የቆሸሸ ሳህን ገና በሩ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከንጹሕ ምግብ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም። ሳህን የሚሞላበት እያንዳንዱ ቦታ ላይ ከላይ ፎቶ ተለጥፏል፦ ዓሣው እዚህ ጋ፣ ድንቹ ይህን ያህል፣ ቅጠሉ በዚህ በኩል። መቶኛው ሳህን ልክ እንደ መጀመሪያው ይሆናል ማለት ነው።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አነሳሁ።

«እኛ በቤተ ክርስቲያናችን ከሦስት መቶ ሰው በላይ እናበላለን» አልኩት። «ሰልፉ ያሸንፈናል።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ሌሎቹ ሲጠይቁት ፈገግ ይል ነበር፤ አሁን ግን ፊቱ የሥራ ፊት ሆነ። «ስንት አብሳይ ናችሁ?»

«ከዐሥር አንሞላም። ሁላችንም ሥራችን ሌላ ነው።»

«ምድጃው?»

«የጋዝ፤ አንዱ ደግሞ ራሱ እየጠፋ ያስቸግራል።»

በሂንዲ ይሁን በምን ቋንቋ አላውቅም፣ አጠገቡ ላሉት ሁለት አብሳዮች አንድ ነገር አላቸው። አብሳዮቹ አዩኝና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። ዕድሜ ልኬን በወጥ ቤት ሥራ እንደዚያ የከበርኩበት ቀን የለም።

ከዚያ አለቃው ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። «አብሳዮቻችሁ መቼ ይበላሉ?»

«ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ ነዋ» አልኩት። «የተረፈ እንደሆነ።»

አልሳቀም። «እዚህ እንዲያ ቢሆን ሁለተኛውን ቀን አንውልም» አለና አንድ በር ከፍቶ አሳየን። የሠራተኞቹ መመገቢያ ክፍል ነው። ላይ ያሉት እንግዶች ገና ለምሳ አልተነሱም፤ አብሳዮቹ ግን ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ሩዝና ወጥ ይበላሉ። አንዱ ይቀልዳል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላለች። አለቃው፣ «መጀመሪያ የሚበላው አብሳይ ነው። የበላ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም፣ አፉም አይቆጣም» አለን።

እንባዬ መጣ። አስጎብኚዋ ደንግጣ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ደህና ነበርኩ። አብሳይ፣ ያውም ሴት፣ ተረጋግታ ተቀምጣ እንግዳ ሳይበላ ስትበላ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ለካስ እንዲህም ይኖራል።

ስመለስ ባለቤቴ ያችው ወንበር ላይ ነው። «እህ፣ ምድጃ አላቸው?» አለኝ። ተቀምጬ ነገርኩት። በሮቹ ላይ ስደርስ ኮፍያውን አወለቀ። ስለ ኮሪደሩ ስነግረው ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ይሄማ የኔ ሥራ ነው!» አለ። «በፊት በር ግባ፣ በኋላ በር ውረድ። በአንድ በር ሁለቱንም ካደረግሽ አውቶቡሱ መቼም አይነሳም። ይህን ለማወቅ ነው የከፈልሽው?»

«አንተ ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅክ ሰልፉ ውስጥ ቆመህ ስትገፋ አልነበርክም እንዴ?» አልኩት። ያን ዕለት ምሳ ያመጣልኝ እሱ ነው።

ክሩዝ የሚሄድ ሰው ሁሉ አሁን ይጠይቀኛል፦ ያ ቱር ገንዘቡ ያዋጣል ወይ? እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ማረፍ ብቻ የፈለገ ሰው ይረፍ፤ ባሕሩ በነፃ ነው። የሚያስጨንቅህ ነገር ይዘህ ከገባህ ግን፣ መርከቡ ላይ ካለው ሁሉ ከዚያ በር ኋላ ያለውን የሚያህል የለም።

ከመርከቡ መውረዱ ቀላል፣ ማሳመኑ ከባድ ሆነ። የመስተንግዶው መሪ እትዬ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ብቻ ነው የምንላቸው። ቤተ ክርስቲያኗ በትምህርት ቤት አዳራሽ በውሰት ትሰበሰብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ጭልፋው በእጃቸው ነው። ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከተማው ሁሉ ወለል ብሎ በሚታይበት ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሄድኩ፣ ሻይ ቀርቦልኝ ሁሉንም ተናገርኩ። ሁለቱን በር ወደዱት። ፎቶውንም፣ «ይሁን፣ ልጅሽ ታንሳው» አሉ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«እንግዳ ሳይቀምስ አብሳይ ይበላል? የየት አገር ነውር ነው ይሄ?»

«የመርከብ አገር ነው፣ እትዬ።»

«መርከብም አገር ሆነ ደግሞ!»

«እዚያ ከሁሉ በፊት የሚበሉት እነሱ ናቸው። እንግዳውም በሰዓቱ ይበላል።»

«እነሱ ደሞዝተኞች ናቸው፤ እኛ አገልጋዮች ነን። አገልጋይ ለራሱ አያስቀድምም።»

እውነት አላቸው፤ ያደግነውም እንዲያ ነው። ሳላስበው ግን፣ «እትዬ፣ ልጅዎ ባለፈው ኮንፈረንስ ላይ ሲመሰክር ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስለ እኔ ነው የተናገረው፤ እንዴት እንዳሳደግኩት» አሉ። «ሰዎች ነገሩኝ፤ አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ አሉ። እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር።»

ሻዬን እንደገና ሞሉልኝ።

«እንግዲያው ለዘንድሮ ብቻ» አሉ። «ከተበላሸ ግን ሁለተኛ የመርከብ ወሬ እንዳታመጪብኝ።»

ኮንፈረንሱ ደረሰ። ሌሊቱን የዘነበው ጠዋት ላይ አባራ። ባለቤቴ ከሁለት ወንድሞች ጋር ጠረጴዛዎቹን ሲያዞር አረፈደ። ሰው በትልቁ የብረት መዝጊያ በኩል ይገባል፣ ምግቡን ያነሳል፣ ውሃና ፍራፍሬው ወደ መውጫው ተጠግቷል፣ በፊት ለፊቱ በር ይወጣል። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ልጄ አንድ ሳህን በልኩ ሞልታ ፎቶ አነሳችና ከእያንዳንዷ አቅራቢ ፊት ለጠፈችው። አረጋውያኑ እንዳይሰለፉ፣ ሳህናቸው ተቀምጠው በነበሩበት እንዲደርሳቸው አደረግን።

ስብከቱ ገና ሳያልቅ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ለራሳችን አቀረብን። ያኔ የሆነው አይረሳኝም። ሁላችንም ሳህናችንን ይዘን ቆመን ቀረን። ወንበር አለ፣ የሚቀመጥ የለም። አንዷ ሳህኗን አስቀምጣ ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች። ሌላዋ፣ «እኔ ኋላ እበላለሁ፣ አልራበኝም» አለች፤ ሆዷ ሲጮህ ግን ሰምተናል። ሁሉም ወደ እትዬ ያያሉ።

እትዬ ወንበር ሳቡ። ተቀመጡ። ጸለዩ፤ አጭር ጸሎት ነበር። ከዚያ ምስሩን ጠቅልለው ጎረሱና ማኘካቸውን አቆሙ።

«ምነው እትዬ?»

«ጨው የለውም።»

ተያየን። ቀመስን። እውነትም የለውም! ትልቁ ድስት፣ ለሦስት መቶ ሰው የሚቀርበው፣ አንዷ ሌላዋ ጨምራለች ብላ ስታስብ ማንም አልጨመረበትም። በሌላ ዓመት ቢሆን ይህን የምናውቀው እንግዶቹ በልተው፣ በይሉኝታ ዝም ብለው ከሄዱ በኋላ ነበር። እትዬ ራሳቸው ተነስተው ጨው ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ቀመሱ፣ እንደገና ቀመሱ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ወደ እኔ አንድ ትልቅ ጉርሻ ዘረጉ።

«የመርከብሽን ነገር ብይ» አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ወደቁ። ያን ጊዜ ሁሉም ተቀመጠ። በላን፤ ትኩስ ምግብ፣ በራሳችን እጅ የተሠራ፣ በወንበር ላይ ሆነን በላን።

በሩ ሲከፈት ከአደሌድ የመጣው አውቶቡስ ከተባለው በላይ ሰው ይዞ መጥቷል። በሌላ ጊዜ ይህ የድንጋጤ ወሬ ነው፤ እርስ በርስ እንጯጯህ ነበር። የዚያን ቀን ግን የጠገበች ሴት እንዴት እንደምታስብ አየሁ። እትዬ ድስቶቹን ከፍተው አዩና፣ «በፎቶው ልክ ከወጣ ይበቃል፤ ከፎቶው የሚያልፍ እጅ እንዳላይ» አሉ። በቃ።

በሩ ላይ ባለቤቴ የአውቶቡስ ድምፁን አወጣው። «ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ! ቦታ አለ! ያነሳችሁ በፊት ለፊት!» አንድ ሽማግሌ ሳህናቸውን አይተው፣ «ለቅምሻ ነው እንዴ የጠራችሁን?» ሲሉት፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛ ዙር አለ፤ ሁሉም አንዴ ይድረሰው ብለን ነው» አላቸው። እውነትም ሁለተኛ ዙር ነበረ። ሰልፉ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ አይቆምም። ማንም ከማንም ጋር አልተጋጨም፣ የማንም ቀሚስ አልቆሸሸም። የከሰዓቱ ዝማሬ ሊጀምር መሣሪያዎቹ ሲቃኙ የመጨረሻው ሰው በልቶ ጨርሶ ፍራፍሬ ይዞ ነበር። ድስቱ ሥር ምስር ተርፎ ነበር። እኔ ቆሜ አዳራሹን አየሁና፣ «አደረግነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ማጠቢያው ዞሩ። ፓስተሩን ቀድሜ አናግሬው ነበርና እሱ ራሱ ጥቂት ወንዶች አስከትሎ እጅጌውን ጠቅልሎ ገባ። «ውጡ» አለን። «ዛሬ ይሄ የእኛ ነው።»

ሽርጣችንን እንደ ታጠቅን ወደ አዳራሹ ገባን። ከፊት አንድ ረድፍ ባዶ ተትቶልናል። ሰው መጀመሪያ አላወቀንም፤ ከዚያ አንዷ እልል አለች፣ ከኋላ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ የብረቱ ጣሪያ እስኪያስተጋባ አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። አንዳንዶቻችን አፈርን፣ አንዳንዶቻችን አለቀስን። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። መዝሙሩ ሲጀመር እትዬ እጃቸውን አንስተው ዘመሩ። ለካስ ድምፅ አላቸው! ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ የሚያምር ድምፅ። ከጎናቸው የተቀመጥን ሴቶች ዘወር ብለን አየናቸው፤ ስንት ዓመት አብረን ሽንኩርት ስንከትፍ ይህን ድምፅ ሰምተነው አናውቅም። እሳቸው ግን ማንንም አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

መዝሙሩ መሃል ላይ ከወጥ ቤቱ በኩል ድስት ሲወድቅ ተሰማ። ከወንዶቹ አንዱ፣ እጁ በአረፋ የተሸፈነ፣ በበሩ አንገቱን አሰገገና በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ስፖንጁ የት ነው?» አለ።

እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ። «ፊት ለፊትህ!» አሉት፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፤ ከወንበራቸውም አልተነሱም።